ሳንናገር የበላነው የኦቾሎ ቆጮ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህ ጉዞ በየክፍሉ በተለያየ መንገድ ይወራል። ሰው ኃይል የሚያወራው ሌላ፣ መዝገብ ቤት የሚያወራው ሌላ፣ ሁሉም ጋ የሚሳቅበት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ልጻፈውና የሚስቅ ሰው ቢያንስ በትክክለኛው ቦታ ላይ ይሳቅ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ እኔና ጋሽ ሙሉጌታ ቅዳሜና እሑድን አርባ ምንጭ ዓሣ እየበላን አየር ልንቀይር የሄድን መስሎን ነበር። ለካ ሽማግሌ ሆነን ተልከናል። አንድ ወጣት ባልደረባችን የሚወዳትን ልጅ ከአባቷ እንድንለምንለት ያመነው እኛን ነው። ይህንን ከሁለታችን በቀር ሐዋሳም፣ አርባ ምንጭም፣ ኦቾሎም ያውቅ ነበር።

ልጁ ማቴዎስ ይባላል። ቀያሽ ነው፤ አራት ዓመት ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የጋሞ ልጅ ነው፣ እናትና አባቱን ገና በሕፃንነቱ አጥቶ አክስቱ አሳደገችው፣ እሷም አርፋለች። ልጅቷ አስቴር አርባ ምንጭ አስተማሪ ናት፤ አባቷ ኦቾሎ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። አባት ልጁን አልጠሉትም፤ «ወገን የለውም፣ ስለ እሱ የሚናገር ሰው ካለው ይላክ» ነበር ያሉት። ማቴዎስም ጉዳዩን ለአለቃችን ለአቶ ግርማ አዋየ። ወጣት ሰው ደጋግሞ ለታላላቆቹ ስለ ትዳሩ አያወራም፣ ያፍራል፤ አቶ ግርማም «ለእኔ ተወው፣ ለታደሰና ለሙሉጌታ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለው።

አቶ ግርማ የነገረኝ ይህንን ብቻ ነው፦ «የሳምንቱ መጨረሻ አርባ ምንጭ ነን። ማቴዎስ ጋብዞናል። ዝርዝሩን መንገድ ላይ አጫውታችኋለሁ።» ዓርብ ጠዋት ደግሞ ስልክ ደወለ። እናቱ ታማበት ወደ ይርጋለም እየሄደ ነው። «እናንተ ግን እንዳትቀሩ፣ ቀኑ ተቆርጧል። ማቴዎስ ሁሉንም ያስረዳችኋል» አለና ዘጋው። ዓሣ ለመብላት ቀን የሚቆረጠው ለምንድን ነው ብዬ ትንሽ ግር አለኝ። ግን የአለቃ አነጋገር ነው ብዬ ተውኩት።

ዓርብ

ማቴዎስ አስቀድሞ ስለሄደ እኔና ጋሽ ሙሉጌታ በሚኒባስ ተነሣን። ጋሽ ሙሉጌታ የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። በቀን ከአሥር ዓረፍተ ነገር በላይ አይናገሩም፣ ከአሥሩ ስድስቱ «እንጃ» ነው። እኔ ደግሞ ዝምታ ያሳክከኛል። ሻሸመኔ እስክንደርስ ስለ ሐዋሳ ዓሣ አወራኋቸው። አላባ ላይ ከመንገዱ ዳር የተሰጣው በርበሬ ቀልቶ ሲታይ ስለ ጫሞ ዓሣ የሰማሁትን ጨመርኩላቸው። የእኛ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ አለው፣ ይበቃናል። የጫሞው ነጭ ዓሣ ግን የሰው ቁመት ያህላል ይባላል፤ እኔ የሐዋሳ ሰው ስለሆንኩ አላምንም ነበር።

ሶዶ ለምሳ ወረድን። ዓርብ በመሆኑ ሁለታችንም ጾመኞች ነን። በየጠረጴዛው ቁርጥ ይቆረጣል፣ እኔ ሽሮዬን እየጠቀለልኩ ግድግዳ አያለሁ። ዳጣ የሚሉትን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት የሚፈጭ ማባያ ሽሮው ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩት፣ እንባዬ ዱብ አለ። አስተናጋጇ አይታኝ «አይዞህ ጋሼ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያለቅሳል» አለችኝ። ጋሽ ሙሉጌታ የእሳቸውን ዝም ብለው በሉ።

ከሶዶ በኋላ ሙቀቱ ጨመረ፣ አስፋልቱ ደግሞ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ። ብርብር ሳንደርስ ጎማችን ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም ተንፍሶ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን ይዞ በሞተር ሲሄድ ሙዝ ማሳ አጠገብ ቀረን። አንዲት ባለማሳ ሴትዮ ማንጎ ዛፍ ሥር ሰሌን አነጠፉልንና «ፀሐይ ላይ ሰው አይቆምም፣ ኑ» አሉን። ከራሱ ከግንዱ የተቆረጠ ሙዝ አቀረቡልን። ሐዋሳ እዚህ የሚበስለውን ሙዝ ለዓመታት ስበላ ኖሬአለሁ፣ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ግን አላውቅም ነበር፤ መንገድ ላይ ጣዕሙን የሚሰርቀው ሰው አለ ልበል? ሴትዮዋ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ። ለሽርሽር አልኳቸው። የጋሽ ሙሉጌታን ሽበት፣ ቀጥሎ የእኔን አዩ። «ለሽርሽርማ ወጣት ነው የሚሄደው» ብለው ሳቁ። ሁለት ሰዓት አብረውን ተቀምጠው፣ ስንሄድ የቀረውን ሙዝ በከረጢት አስያዙን።

ሴቻ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሴቻ ከጉብታው ላይ ያለው የአርባ ምንጭ የላይኛው ከተማ ነው፤ ከሆቴላችን በረንዳ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፣ አባያ እንደ ሻይ የቀላ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ መካከላቸው በደን የተሸፈነ ጋራ። እኛ አንድ ሐይቅ ይዘን ስንኩራራ እነዚህ ሁለቱን ከላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ። ቅናት ነገር ተሰማኝ።

ማቴዎስ በር ላይ ጠበቀን። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ ከራቫት አስሯል። ሁለታችንንም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን፤ ቢሮ ውስጥ በትከሻ ነበር ሰላም የምንባባለው። እራት ላይ አብሮን አልተቀመጠም፣ ቆሞ ውሃ ይቀዳልናል።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ግድ የለም ጋሼ። ነገ ጠዋት ፒካፕ ይወስዳችኋል። ኦቾሎ እየጠበቁ ናቸው።»

«አንተስ?»

ደነገጠ። «እኔማ እንዴት ብዬ ጋሼ!»

እንግዳ ጋብዞ የሚቀር ጋባዥ በዕድሜዬ አላየሁም። ክፍላችን ስንገባ ጋሽ ሙሉጌታን ጠየቅኳቸው። «እንጃ» አሉ።

ቅዳሜ

ጠዋት ማቴዎስ ፒካፑ ድረስ ሸኘን። ስንሳፈር ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እንግዲህ ያለኝ ሰው እናንተ ናችሁ» አለን። የአገሩ ሰው እንግዳ ሲሸኝ እንደዚህ ሆዱ የሚባባ መስሎኝ «አይዞህ፣ ማታ እንገናኛለን» አልኩት። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ላንቴ ላይ የሙዙን ሜዳ ትተን ወደ ተራራው ዞርን። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ መኪናው ሲንፏቀቅ አየሩ በየመታጠፊያው ይቀዘቅዛል። ኦቾሎ ቋጥኝ ጫፍ ላይ የተሰቀለ መንደር ነው፣ በየድንጋዩ ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሰውም አይሸሹም። ከታች አባያ ተዘርግቷል። በየግቢው የሸማኔ ዕቃ ድምፅ ይሰማል። ሐዋሳ ሜዳ ላይ ስለሆነች ሐይቃችንን ለማየት ዳሩ ድረስ መሄድ አለብን፤ እዚህ ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን ሐይቅ ያያል።

የአስቴር አባት አቶ አንጁሎ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ከጎናቸው ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁሉም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ለሁለት ዓሣ በላተኞች ይህ ሁሉ አቀባበል ምንድን ነው ብዬ ተገረምኩ። ቤት ገባን። አቶ አንጁሎ ወንበር ሲያሳዩኝ ወዲያው ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ በቀለች ቆጮ በቅጠል፣ ቅቤ የተንቆረቆረበት፣ ከዳጣ ጋር አምጥተው አስቀመጡ። አቶ አንጁሎ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አሉ። ትናንት ሽሮ በግድግዳ የበላሁ ሰው ነኝ። «እንዴታ!» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

እዚህ ላይ የማያውቅ ካለ ልንገር። እኔ በተወለድኩበት አገርም ሆነ እዚያ፣ ሚስት ሊለምን የመጣ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ባለቤቱ «ቅመሱ» የሚለው ለወግ ነው፤ ሽማግሌው «መጀመሪያ ጉዳያችን» ማለት አለበት። ይህን ወግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለገዛ ወንድሜ ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ እንኳን ውሃ አልጠጣሁም።

ያን ቀን ግን ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። ጋሽ ሙሉጌታም ዝም ብለው ይበላሉ። የመንደሩ ሽማግሌዎች እጃቸውን አልሰነዘሩም፣ ሁለቱ መሬት መሬት ያያሉ። ከጓዳው በር አንዲት ወጣት ብቅ ብላ የምንበላውን አየችና ተመለሰች፤ እሷ አስቴር ነበረች። እነዚህ ሰዎች እንግዳ ሲበላ ማየት ለምን እንዲህ ይከብዳቸዋል ብዬ ግራ ገባኝ። ምናልባት ወጉ ይህ ይሆናል አልኩና ጨዋታ ጀመርኩ፤ ስለ ሽኮኮዎቹ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ቆጮው።

ስንጨርስ አቶ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ ምን እግር ጣላችሁ?»

«ኧረ እንዲሁ ነው!» አልኩ። «አየር ለመቀየር!»

«ሌላ ጉዳይ ይኖራችሁ ይሆናል።»

«ምንም የለንም። አይደለም ጋሽ ሙሉጌታ?»

«ምንም» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። ያን ቀን የተናገሩት ሁለተኛ ቃል ነው።

ከጓዳው የዕቃ ድምፅ ተቋረጠ። አቶ አንጁሎ ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩና ተነሡ። «እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና» አሉ። በጨዋ ደንብ መኪናው ድረስ ሸኙን፣ አንድ ዘለላ ሙዝም ጨመሩልን። ስንወርድ ለጋሽ ሙሉጌታ «ደግ ሰዎች ናቸው፣ ትንሽ ግን ያዝናሉ» አልኳቸው።

ከሰዓት ጫሞ ዳር ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አቁመው ነጭ ዓሣ ያወርዳሉ፤ አንዱን ሁለት ሰው ተሸክሞታል። የሰማሁት እውነት ነው፣ እዚህ ላይ ተሸንፌአለሁ። ለብለብ የተደረገ ዓሣ አዝዘን ገና አንዱን እንደጎረስኩ ማቴዎስ ከባጃጅ ወርዶ ሲሮጥ አየሁት። ከራቫቱ ትከሻው ላይ ዞሯል።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«ማን?»

«አባቷ!»

«የማን አባት?»

አየኝ። እኔም አየሁት። ዓሣው አፌ ውስጥ ነው። «አቶ ግርማ አልነገሯችሁም?» አለ በቀስታ። ቀጥሎ ሁሉንም ነገረን፤ እየነገረን ድምፁ ይጠፋል።

«በላችሁ?» አለ በመጨረሻ።

«በላን።»

«ሳትናገሩ?»

እጄን ከሳህኑ አነሣሁ። እሱም አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ አስቴር ናት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ላንቴ ወርዳ ነው የደወለችው። አባቷ «ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። ግን ልጁን በስሙ እንኳን አላነሡትም። ልጄ ሆይ፣ ይህ ልጅ እውነትም ሰው የለውም» ብለዋት ነበር። ወዲያው ለአቶ ግርማ ደወልኩ። «አልነገርኳችሁም እንዴ?» አለኝ። አፍሬ ነበር፣ ተናድጄ ነበር፣ ማንን መስደብ እንዳለብኝ ግን አላወቅኩም። ዓሣውን እንዳለ ትተን ተነሣን።

እሑድ

ጠዋት ፒካፕ አልተገኘም። ላንቴ ድረስ በሚኒባስ ሄደን ከዚያ በእግር ወጣን። ጋሽ ሙሉጌታ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በየመታጠፊያው ይቆማሉ፣ «ይመለሱ» ስላቸው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ዝናብ ያዘን። ከትናንት ምሳ ወዲህ ሁለታችንም ምንም አልቀመስንም፤ እኔ ስለት የገባሁ ያህል ነበር፣ ልጁ ፊት ለፊቴ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ።

እየወጣሁ ውሸት አዘጋጅ ነበር። «ትናንት የመጣነው ቤቱን ለማወቅ ብቻ ነው» ልበል? ወይስ እውነቱን? እውነቱን ከተናገርኩ ሽማግሌ ተብለው የመጡት ለምን እንደመጡ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ልጁ ሰው የለውም የሚለውን ያጠናክራል። ከዋሸሁ ደግሞ በልጁ ትዳር መሠረት ውስጥ ውሸቴን ቀበርኩ ማለት ነው። ጋሽ ሙሉጌታን ጠየቅኳቸው። «እንጃ» አሉ፣ ግን ያን ጊዜ እሳቸውም የጨነቃቸው መሰለኝ።

አቶ አንጁሎ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ በራቸው ላይ ውሃ እያንጠባጠብን ቆመን አገኙን።

«ግቡ እንጂ» አሉ ደንግጠው።

«አንገባም።»

«እንግዲያው ከበረንዳው ሥር ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አልኩ። ወይዘሮ በቀለች ከበስተኋላ በሳህን ትኩስ ነገር ይዘው ብቅ አሉ፤ የሽፈራው ቅጠል ከዱቄት ጋር የተቀቀለበት፣ ፎሰሴ የሚሉት ምግብ ነው። ሽታው መጣብኝ። «አንቀምስምም» አልኩ፣ ዓይኔን ከሳህኑ ሳልነቅል።

አቶ አንጁሎ ቆመው ጠበቁ። ያዘጋጀሁት ውሸት ጠፋብኝ። እንዳለ እውነቱን ዘረገፍኩት፤ አለቃችን፣ እናቱ፣ ዓሣው፣ ሁሉንም። «ትናንት የበላነው ሳናውቅ ነው። ልጁ ግን እኛን ሰዎቼ ብሎ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ በእሱ አይቆጠርበት። ልጅዎን ለማቴዎስ ልንለምን መጥተናል» አልኩ።

አቶ አንጁሎ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ቀጥለው «ይህ ልጅ እንዴት ያለ ሰው ነው? አንተ ታውቃለህ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። አራት ዓመት ፊቴ ተቀምጧል። በሰዓቱ ይመጣል። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል። ከዚያ ወዲያ ምን አውቃለሁ? እኔ ሳወራ እሱ ሲሰማ ነው የኖርነው።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

ዞር አልኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኔን ሞራ ሸፈነው» አሉ። «የፋይል ቁጥር ማየት አቃተኝ። እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም። ይህ ልጅ ግን ነቃብኝ። ማታ ማታ ሰው ከወጣ በኋላ እየመጣ ፋይሎቹን ያነብልኝ፣ ጀርባቸው ላይ በትልቁ ይጽፍልኝ ነበር። ስምንት ወር። ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፣ ስታከም አጠገቤ አደረ። ለማንም አላወራም። እኔም እስከ ዛሬ አላወራሁም፣ አፍሬ ነው።» አቶ አንጁሎን ቀና ብለው አዩ። «ሰው የለውም የሚባለው ውሸት ነው። እኔ አለሁ።»

ለሃያ ዓመት አብሬአቸው ስሠራ ይህን ያህል ሲናገሩ አልሰማሁም። ወይዘሮ በቀለች ሳህኑን እንደያዙ ቆመዋል።

አቶ አንጁሎ መሬቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ይህን ትናንት ብትነግሩን ጥሩ ነበር» አሉ። «ልጄ ትናንት አልቅሳለች። እኔ ብቻዬን አልወስንም፣ ወንድሞቼ አሉ። ተማክረን እናሳውቃለን።»

እሺታ ነው እምቢታ? ፊታቸውን አየሁ፣ ምንም አልገባኝም። ጋሽ ሙሉጌታን ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም አልገባቸውም። መልስ ስላልተሰጠን ምንም ሳንቀምስ ሰገድ ብለን ቁልቁለቱን ጀመርን። ሁለት ሳምንት ይሁን ሁለት ወር የሚጠበቀው እንኳን አልጠየቅንም።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ከኋላ ተጠራን። ወይዘሮ በቀለች ናቸው፣ ጭቃውን ረግጠው እየሮጡ ነው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ይዘዋል። እጄ ሳላስበው ተዘረጋ።

«ይሄ ላንተ አይደለም» አሉኝ፣ እየተነፈሱ ሳቅም አሉ። «አንተ ትናንት በልተሃል። ልጁ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም አሉ። ሳይቀዘቅዝ ስጡት።»

ጥቅሉን ጋሽ ሙሉጌታ ተቀብለው ጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ላንቴ እስክንደርስ የትም አልቆሙም፣ ጉልበታቸውም የት እንደገባ አላውቅም።

ማቴዎስ መገንጠያው ላይ ቆሞ ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ይመስለኛል። ፊታችንን እያየ መጣ። «ተማክረን እናሳውቃለን አሉ» አልኩት። ትከሻው ወረደ፣ «እሺ» ብሎ ዞር ሊል ሲል ጋሽ ሙሉጌታ ጥቅሉን አወጡ።

«ከእናትየዋ ነው። ሳይቀዘቅዝ ይብላ አለች።»

«ለእኔ?»

«ለአንተ።»

በሁለት እጁ ተቀበለው። «በስሜ ጠርተው ነው? ለእኔ ብለው?» አለ ደግሞ። ቅጠሉን ገለጠው፣ እንፋሎቱ ገና ይወጣል። «አክስቴ ከሞተች ወዲህ ምግብ የላከልኝ ሰው የለም» አለና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መብላት ጀመረ። እኔና ጋሽ ሙሉጌታ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆመን ጠበቅነው።